የሻወር ቤቱ ጥቁር መስመር፦ ሻጋታን ማስለቀቅና እንዳይመለስ ማድረግ

ክረምት ሲገባ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠቁረው የሻወር ቤቱ ጥግ ነበር። ሴራሚኩ ራሱ ንጹህ ነው፣ ያብረቀርቃል። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ነጭ መስመር ግን መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው በረኪና እየደፋሁ ስፈገፍግ ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ነጭ ይሆናል፣ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይጠቁራል። የእጄ ቆዳ ተላጠ፣ ጉሮሮዬ ተከረከረ፣ መስመሩ ግን አልለቀቀኝም። ኋላ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። በረኪናው ጉልበት አንሶት አልነበረም። ሻወር ቤታችን አንድም ቀን በደንብ ደርቆ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የምነግራችሁ ግማሹ ስለ ማጽዳት ነው፣ ግማሹ ስለ ማድረቅ። ማድረቁን ዘላችሁ ማጽዳቱን ብቻ ከሠራችሁ በወሩ እንደገና ብሩሽ ይዛችሁ እዚያው ጥግ ትንበረከካላችሁ።

ለምን መስመሩ ላይ ብቻ?

ሴራሚኩ ከላይ እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ስላለው ውሃ አያስገባም። መሃሉን የሚሞላው ነገር ግን ሲሚንቶ ነው። ባለሙያዎቹ ግራውት ይሉታል። ብዙዎቻችን ነጭ ሲሚንቶ እንለዋለን፣ በብዙ ቤትም እውነትም ተራ ነጭ ሲሚንቶ ነው በውሃ ተበጥብጦ የተሞላው። ሲሚንቶ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውሃ ይጠጣል። ውሃው ብቻውን አይገባም፤ የሳሙና ቅሪት፣ ሻምፖ፣ የሰውነታችን ቅባትና የረገፈ ቆዳ ይዞ ይገባል። ሻጋታ የሚፈልገው ይኸንኑ ነው፣ እርጥበትና ትንሽ ምግብ።

የሻጋታው ዘር አየር ላይ ሁልጊዜ አለ። በመስኮት ይገባል፣ በልብስ ይገባል፣ እሱን ማስቀረት አይቻልም። ምግቡን መቀነስ ይቻላል፣ ጨርሶ ማጥፋት ግን አይቻልም፣ ሰው እየታጠበበት እንዴት ይሆናል? በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር ውሃው ነው። የረጠበ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጥርት ብሎ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ አይይዘውም። የኛ ቤት ግን ጠዋት አንዱ ይታጠባል፣ ማታ ሌላው ይታጠባል፣ በመሃል በሩ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። መቼ ይድረቅ?

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ የራሳችሁ ጣጣ አለባችሁ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉንና ባልዲውን ሻወር ቤት ውስጥ ነው የምንደረድረው። ክዳን የሌለው በርሜል ቀንም ሌሊትም አየሩን ያረጥባል። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የተቀመጠ በርሜል ደግሞ ከጀርባው አየር አያስገባም፣ የኛ የመጀመሪያው ጥቁር መስመር የወጣው እዚያ ነበር፣ በርሜሉን እስክናነሳው ድረስ ግን ማንም አላየውም። ላይ ደግሞ የታጠበ ልብስ ይሰጣል። መስኮቷ ጠባብ ናት፣ እሷም ብርድ ታስገባለች ተብሎ ላስቲክ ተለጥፎባታል። ክረምት ላይ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፤ የሙቅ ውሃው እንፋሎት ሄዶ እዚያ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆንና መስመሩን ተከትሎ ይወርዳል። አንዱ ለብቻው ብዙ አይጎዳም፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሲሆኑ ግን ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደሆነ ለዩ

የጠቆረ ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ እንደ ቅርፊት የደረቀው ውሃው ትቶት የሄደው የኖራ ዝቃጭ ነው፤ ድሬዳዋ የኖረ ሰው ከማንቆርቆሪያው ውስጥ በደንብ ያውቀዋል። ሮዝ ሆኖ የሚያሟልጨው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው፣ እሱ በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል። ከቧንቧው ወይም ከሚስማር ሥር ተነስቶ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር ዝገት ነው፣ ለዝገት በረኪና ብታፈሱበት ለውጥ አታዩም።

ጥቁሩን ለመለየት ትንሽ ጥጥ በበረኪና አርጥባችሁ ቦታው ላይ ለሁለት ደቂቃ ያዙት። ከፈዘዘ ሻጋታ የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። ምንም ካልተለወጠ ያረጀ ቆሻሻ ወይም ውስጥ ድረስ የገባ እድፍ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንድ ቁም ነገር አለ፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። ሻወሩን ለሁለት ቀን አትጠቀሙበት፣ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ተዉት። ዘመድ ቤት ሂዱና ታጠቡ፣ በሳፋ ታጠቡ፣ እንደምንም ሁለት ቀን አሳልፉ። ከሁለት ቀን በኋላም አንድ ቦታ ላይ ያለው መስመር እንደረጠበ ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከውጭ አይደለም፣ ከጀርባ ነው። ቧንቧ ያፈሳል ወይም በተሰነጠቀ መስመር ገብቶ የተጠራቀመ ውሃ አለ ማለት ነው። ሴራሚኩንም በሳንቲም አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ካለ ከግድግዳው ተላቋል። እንዲህ ከሆነ ማጽጃ አያድናችሁም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ።

እኛ ቤት ይህን ያወቅነው በሌላ ሰው ጉዳት ነው። ከኛ ሥር የሚኖሩት እማማ አንድ ቀን በሩን አንኳኩና ልጄ፣ እስኪ ወርደሽ ኮርኒሴን እዪው ብለው እህቴን ይዘዋት ወረዱ። የእሳቸው ሻወር ቤት ጣራ ላይ ቢጫ ክብ ወጥቶ፣ ቀለሙ ተነፍቶ ይንጠባጠባል። ከኛ ወለል ጥግ ላይ ግራውቱ ተቦርቡሮ አልቆ ነበር። እኛ ላይ ላዩን በረኪና ስንቀባ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ወደ እሳቸው ሲወርድ ከርሟል። እሳቸው ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩንም፣ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሁሉ የወለሉንና የግድግዳውን መገናኛ በየጊዜው ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የታችኛው ቤት ሰው መጥቶ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሰፋ፣ ኮርኒሱን ከያዘ፣ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ሥራውን ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ቢያንስ አስም ያለበት ሰው በዕለቱ እቤት አይዋል።

በረኪናና አሲድ አይገናኙ

ይህን ክፍል ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ አንብቡልኝ። በረኪና ከአቼቶ ጋር፣ ከሎሚ ጋር፣ ሽንት ቤት ከሚጸዳበት አሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ፣ ሽንት ውስጥም አለ። የኛ ሻወር ቤትና ሽንት ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ሽንት የነካው ወለል ካለ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ነው በረኪና የሚነካው። ከአልኮልም ጋር፣ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ጋር አታቀላቅሉት።

ብዙ ሰው ሁለት ጠንካራ ነገር ከተቀላቀለ የበለጠ ያጸዳል ብሎ ያስባል። አንዲት ዘመዴ ቤት የምታግዝ ልጅ እንዲሁ አስባ፣ በሩን ዘግታ፣ ሽንት ቤቱ ላይ አሲድ አፍስሳ ሳይታጠብ በላዩ በረኪና ጨመረችበት። ስትወጣ መተንፈስ አቅቷት፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ እንባዋ እየወረደ ነበር። ሐኪም ቤት ተወስዳ ደህና ሆነች፣ ግን ለቀናት ሳሉ አልለቀቃትም። ማንም አልነገራትም ነበር። በብዙ ቤት ሻወር ቤቱን የምታጸዳው ልጅ ከገጠር የመጣች፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የማታነብ ናት። ጓንት ግዙላት። የቱ ከየቱ እንደማይገናኝ አሳዩአት፣ ጠርሙሶቹንም በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። አረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶችም፣ እዚያ ክሎሮክስ የሚባለው ያው በረኪና ነው፣ ሕጉም ያው ነው። እመቤቲቱ ቀላቅዪው ብትልም አታቀላቅሉ።

ድንገት ተቀላቅሎ ከሸተታችሁ ለማጽዳት እዚያ አትቆዩ። ትታችሁ ውጡ፣ ንጹህ አየር አግኙ፣ ትንፋሽ ካስቸገረ ሐኪም ቤት ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በንጹህ ውሃ እጠቡትና ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ይቅር፣ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ሥራው

ፀሐይ የወጣበት ቀን ምረጡ፣ ውሃ የሚመጣበት ፈረቃም ይሁን፣ ምክንያቱም አለቅልቆ መጨረስ ብዙ ውሃ ይፈልጋል። በርሜሉን፣ ሻምፖውን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም ነገር አውጡ። መስኮትና በር ይከፈት። ጓንት አድርጉ፣ አሮጌ ልብስ ልበሱ፣ ዓይናችሁን የሚከልል መነጽር ካለ አድርጉት፣ ከራስ በላይ ስትፈገፍጉ የሚረጨው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው።

መጀመሪያ በሳሙና። ይህን ነው ብዙ ሰው የሚዘለው። መስመሩ ላይ የሳሙናና የቅባት ሽፋን አለ፤ ያ ሳይነሳ በረኪና ብታፈሱ ሽፋኑ ላይ ይቀራል፣ ሻጋታው ጋ አይደርስም። ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ላርጎ በጥብጡና በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ፈግፍጉ። ለመስመሩ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ ግን አትጠቀሙ፣ ሲሚንቶውን እየቧጠጠ አዲስ ቀዳዳ ይከፍትበታል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በደንብ አለቅልቁ፣ በጨርቅም አድርቁት። በኛ ቤት በዚህ ብቻ ግማሹ ለቆ ነበር።

ቀጥሎ ለቀረው ሁለት መንገድ አለ፣ እኔ ከለስላሳው ጀምሩ እላለሁ። ከፋርማሲ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዙ፣ ቁስል የሚታጠብበት ማለት ነው። ከቤኪንግ ሶዳ ጋር እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር ለውሱት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ስለሚያምታቱ አንብባችሁ ውሰዱ። መስመሩ ላይ ቀቡት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ፈግፍጉና አለቅልቁ። የተረፈውን ክዳን ባለው ዕቃ ዘግታችሁ አታስቀምጡ፣ ጋዝ ስለሚያወጣ ዕቃውን ይነፋዋል። ይህ ለአዲስና ላልጠለቀ ሻጋታ ጥሩ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ልጆች ባሉበት ቤት እኔ የምመርጠው ይኼንን ነው።

ይህ ካልበቃ ወደ በረኪና። ግን በሌላ ቀን ይሁን፣ ወይም የመጀመሪያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ። ጠርሙሱ ላይ መጠን ከተጻፈ እሱን ተከተሉ፣ ከሌለ 1 ሲኒ በረኪና በ10 ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ሙቅ ውሃ አይሁን፣ በረኪናውን ያደክመዋል፣ ሽታውንም ያበዛዋል። ግድግዳ ላይ ዝም ብላችሁ ብትረጩት ተንሸራቶ ይወርዳል፣ መስመሩ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ አይቆይም። መላው ይኸውላችሁ፦ ሶፍት ቀድዳችሁ እንደ ክር ፍተሉት፣ በበረኪናው ውሃ ነክራችሁ ጨመቅ አድርጉና መስመሩ ላይ ለጥፉት። 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ ሳይደርቅ አንሱት። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ የምጠቀመው በረኪና ከድሮው ሩብ አይሆንም፣ ውጤቱ ግን በጣም ይሻላል። ስታነሱት በብሩሽ ፈግፍጉ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ በተለይ ቧንቧውና ማንኛውም ብረት ላይ እንዳይቀር፣ ብረት ይበላል። ግራውታችሁ ቀለም ያለው ከሆነ በር ጀርባ ባለች ትንሽ ቦታ ሞክሩ፣ በረኪና ቀለም ይነጥቃል።

ነጭ ሆኗል ብሎ መፈግፈጉን መተው አይገባም። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ያስነሳል፣ ስለዚህ ተነስቶ፣ ታጥቦ መሄድ አለበት። በረኪና ደግሞ ከጊዜ ብዛት ኃይሉን ያጣል፣ ፀሐይና ሙቀት ያፋጥኑታል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ አትግዙ፣ ትልቅ ጀሪካን ገዝቶ ዓመት ማስቀመጥም አያዋጣም።

አቼቶስ? ብዙ ሰው ይመክረዋል። ለኖራ ዝቃጩ፣ ለቧንቧው አፍና ለመስታወቱ አሪፍ ነው። ግራውት ላይ ግን እኔ አልወደውም። አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው፣ ሲሚንቶ ደግሞ በአሲድ ይበላል። አንዴ ብትነኩት አይፈርስም፣ በየሳምንቱ ከሆነ ግን መስመሩ እየሳሳና እየተቦረቦረ ይሄዳል። እምነ በረድ ያለበት ቤት ላይ ጭራሽ አታድርጉት፣ ድምቀቱን ያጠፋዋል። ግንባታ ሲያልቅ ሴራሚክ የሚታጠብበትን ኃይለኛ አሲድማ ለዚህ ሥራ አታስቡት።

አልለቅም ካለ

አንዳንዱ ጥቁረት ውስጥ ድረስ ዘልቋል። ሁለት ሦስት ጊዜ በሥርዓቱ ሞክራችሁ ካልለቀቀ ግራውቱን አውጥቶ አዲስ መሙላት ነው። በተለይ የሚረግፍ፣ የተሰነጠቀ፣ በጣት ሲነካ ዱቄት የሚሆን ከሆነ አንድም ቀን አትቆዩ።

መጀመሪያ ክፍሉ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ። ከዚያ የግራውት መፋቂያ ወይም ጠንካራ ከተር ይዛችሁ የሴራሚኩን ጠርዝ ሳትነኩ ቢያንስ የውፍረቱን ግማሽ ያህል ጥልቀት አውጡ። ላይ ላዩን ፍቆ በላዩ መቀባት ወር አይቆይም፣ ይላጣል። ማስክ አድርጉ፣ የሲሚንቶ አቧራ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ብናኙን በብሩሽ ጠርጋችሁ አውጡ።

ሱቅ ስትሄዱ ነጭ ሲሚንቶ ሳይሆን ለሴራሚክ መገጣጠሚያ ተብሎ የተሠራ ግራውት ጠይቁ። ዋጋው ይለያል፣ አውቃለሁ። ግን ተራ ነጭ ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃም ይጠጣል፤ የኛ ጥግ የተቦረቦረው በዚሁ ነው። መስመሩ ከ3 ሚሊሜትር የሚጠብ ከሆነ አሸዋ የሌለበትን፣ የሚሰፋ ከሆነ አሸዋ ያለበትን ውሰዱ። እሽጉ ላይ በተጻፈው ውሃ ብቻ አቡኩት፣ ሠራተኞች እንዲላላላቸው ውሃ ማብዛት ይወዳሉ፣ ያ ግራውቱን ያደክመዋል። እዚያው ቆማችሁ እዩአቸው፣ ምንም አይደለም። በጎማ ማስገቢያ ሰያፍ እየገፋችሁ መስመሩ ውስጥ ግጥም አድርጋችሁ ሙሉት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲጠነክር በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ሴራሚኩን ጥረጉ። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ውሃ አይንካው፣ እሽጉ የበለጠ ካለ የበለጠ ጠብቁ።

ሲደርቅ ውሃ የሚከላከል ሲለር ይቀባል። ግንባታ ዕቃ ከሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች ጠይቁ። መቼ መታደስ እንዳለበት ለማወቅ መስመሩ ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉ። ጠብታው ተንጠልጥሎ ከቆየ ደህና ነው፣ ቶሎ ጠልቆ ቦታውን ካጠቆረው ጊዜው ደርሷል። ኢፖክሲ የሚባል ግራውትም አለ፣ እሱ ውሃ ስለማይጠጣ ሲለር አይፈልግም፤ ግን ውድ ነው፣ ቶሎ ስለሚደርቅም የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሻወር ቤት እንደ አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ወለሉ ላይ እንኳ ብታስደርጉት አትቆጩም።

ግድግዳው ከወለሉ ወይም ከገንዳው የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው፣ እንደ ጎማ የሚለጠጠው። ሲሊኮን ውስጥ የገባ ጥቁረት በማንኛውም ነገር አይለቅም ብላችሁ ቁጠሩት። በከተር ቆርጣችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ቦታውን አጽዱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ለሻወር ቤት የተሠራውን፣ ሻጋታ የሚከላከለውን ሲሊኮን ሙሉ። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

እንዳይመለስ

ከታጠባችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ። ግድግዳውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፣ የሳሙናው ቅሪት ይሄዳል። ከዚያ በመስታወት ማጽጃ ጎማ ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ጥጉንና የወለሉን ዳር በአሮጌ ፎጣ ዳበስ አድርጉ፣ ፎጣውንም እዚያው ጥላችሁ አትሂዱ፣ ውጭ አስጡት። መስኮት ይከፈት፣ በሩ ገርበብ ይበል። የአየር ማውጫ ፋን ካላችሁ ከታጠባችሁ በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይሥራ። መብራት ሲጠፋ ፋን የለም፣ ስለዚህ የመስኮቷን ላስቲክ ላጡት፣ ብርዱን ከፈራችሁ ከታጠባችሁ በኋላ ብቻ መክፈት ይቻላል። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ግን ከሰል አቀጣጥላችሁ እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል።

በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ። ከቻላችሁ ከሥሩ ከፍ የሚያደርገው ነገር አድርጉለት፣ ወለሉም ይደርቃል። ልብሱ በረንዳ ላይ ይሰጣ። መጋረጃው ተጨብጦ አይተው፣ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ አልፎ አልፎም አውርዳችሁ እጠቡት። የሻምፖ ጠርሙስ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ከሥሩ ክብ ጥቁር ይተዋል። ውሃችሁ ኖራ የሚበዛበት ከሆነ ደረቅ ሳሙና ከፈሳሹ የበለጠ ነጭ ዝቃጭ ይለጥፋል፣ ፈሳሽ ብትጠቀሙ ማጽዳቱ ይቀልላችኋል።

በሳምንት አንዴ በላርጎና በብሩሽ ማለፍ ይበቃል። በረኪናውን ለወራት ላትነኩት ትችላላችሁ።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሻወር ቤታችሁ መስኮት የለውም፣ ሁሉም ነገር በፋኑ ላይ ነው። ድምፅ ስላለው ብቻ ይሠራል አትበሉ። አንድ ቅጠል ሶፍት ወደ ፋኑ አስጠጉ፤ ስቦ ካልያዘው አቧራ ደፍኖታል ወይም ተበላሽቷል። ተከራይ ከሆናችሁ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ በቃል የተነገረ ይረሳል። በየቦታው የሚሸጠውን ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ብትገዙም ጥሩ ነው። ቁጥሩ ከ60 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ30 እስከ 50 ከሆነ ደግሞ በጣም ደህና ነው።

እኛ ቤት ጎማው አሁን በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ልጆቹም በሚደርሱበት ቁመት። መጨረሻ የታጠበ ይስባል። ጥጉን አስወጥተን በአዲስ ግራውት ካስሞላን ሁለተኛው ክረምት አልፏል፣ መስመሩ ነጭ ነው። የእማማ ኮርኒስም ደርቆ፣ ወንድሜ ወርዶ ቀለም ቀብቶላቸዋል።